ከ«ወላጅ አምጣ» እስከ «ሥልጠና ተሰጥቷል»

በእኛ ጊዜ የትምህርት ቤት የአእምሮ ጤና ፕሮግራም ስሙ «ወላጅ አምጣ» ነበር። በጀት አይጠይቅም፣ መመሪያ መጽሐፍ የለውም፣ ውጤቱም በማግሥቱ ይታያል። ልጅ ክፍል ውስጥ ቢፈዝ፣ ቢደባደብ፣ ቢያለቅስ ወይም ጭራሽ መናገር ቢያቆም መድኃኒቱ ያው አንድ ነው። ወላጅ ይመጣል፤ ቢሮ በር ላይ ጋቢውን አስተካክሎ ይቆማል፤ የልጁን ጥፋት ይሰማል፤ በመጨረሻም «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ እንጂ ሌላው የእናንተ ነው» ብሎ ይሄዳል። ልጁ ለምን እንደፈዘዘ የጠየቀ የለም። መጠየቅ የፕሮግራሙ አካል አልነበረም።

ጣጣው ወላጁ ሩቅ ሲሆን ነው። በ1970ዎቹ ከተንታ፣ ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ፣ ከአምባሰል ደሴ ለመማር የሚመጣው ልጅ ብዙ ነበር። አራት አምስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአገር ቤት በሶና ቆሎ፣ ሽሮና ድርቆሽ ይላክላቸዋል። እንዲህ ያለው ልጅ «ወላጅ አምጣ» ሲባል ሁለት ቀን በእግሩ ከሚኳትን ሰኞ ገበያ ወርዶ ሽበት ያለው ተሸካሚ በሃምሳ ሳንቲም «አጎት» አድርጎ ይከራያል። ኪራይ አጎቶቹ ደግሞ እንጀራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ከክፍል ጓደኛችን ጋር ቀርቦ ርዕሰ መምህሩ ፊት ከልቡ እየተቆጣ ሁለት ኩርኩም አቀመሰው። ሲወጡ ልጁ «ይኼ እኮ በዋጋው ውስጥ የለም» ብሎ አኮረፈ። ሰውዬው ጭንቅላቱን ዳበስ አደረገውና «አባትህ አሉ?» አለው። «የሉም፤ ጥቅምት ላይ ሞቱ» አለ ልጁ። ያን ጊዜ ሚያዝያ ገብቶ ነበር። ከመምህር እስከ ተማሪ፣ አጠገቡ ከምንቀመጠው ጀምሮ፣ ማናችንም አላወቅንም። ያወቀው የሃምሳ ሳንቲሙ አጎት ነው።

ለነገሩ መጠሪያ ስሙም እንደ ልብ አልነበረም። ዛሬ «ድባቴ» የምንለው ያኔ ስንፍና ነው፤ ጭንቀቱ ፍርሃት ነው፤ ቤት ውስጥ ሲያጠና ሁሉን የሚያውቅና ፈተና ላይ ባዶ የሚሆን ልጅ «ዓይነ ጥላ» አለበት ይባላል። ክርስቲያኑ ጠበል ይወሰዳል፤ እስላሙ ቤት ወዳጃ ይደረግለታል። ወሎ ነውና አንዳንዱ ሁለቱም አይቀርበትም። የባሰበት ደግሞ አዲስ አበባ አማኑኤል ነው የሚሄደው። አማኑኤል በጣሊያን ዘመን ተቋቁሞ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው። ከደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከኩርኩም፣ ከጠበልና ከወዳጃ በኋላ እስከ አማኑኤል ሌላ ፌርማታ አልነበረም።

እኩዮቼ ፒያሳ ቡና ላይ «በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ የዛሬ ልጆች ናቸው የተሞላቀቁት» ሲሉ እሰማለሁ። እኔስ የማስታውሰው ሌላ ነው። በቀይ ሽብር ሰሞን ወንድሙ የታሰረበት ልጅ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶት ይንተባተብ ነበር፤ እኛም እንስቅበት ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የቅዳሜው ስንቅ አንድ በአንድ መምጣት አቆመ። ባቲና ኮረም ላይ ምን እንዳለ ሁሉም ሰምቷል፤ የእርዳታ እህል የጫነው መኪና በከተማው መሀል ያልፋል። የአንድ ልጅ ስንቅ ሁለት ሳምንት ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል፤ ያነሳው ግን አልነበረም። መምህሩም ጠመኔውን አንሥቶ ካቆመበት ቀጠለ። ችግሩ ነበረ። ያልነበረው ጠያቂ ነው።

ደሴ እኮ በጥያቄ የታወቀች ከተማ ናት። የተማሪዎች ንቅናቄው ዋለልኝ መኮንን የወጣው ከወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው። መሬት ለማን ይሁን፣ ብሔር ብሔረሰብ እንዴት ይኑር የሚለውን አገር ያናወጠ ጥያቄ ከእኛ የቀደሙት ተማሪዎች ጠይቀዋል። አጠገባችን የተቀመጠውን ልጅ «ምን ሆነሃል?» ማለት ግን ከነሱም ከእኛም ትምህርት ውስጥ አልነበረም።

ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነበር ብል ደሴን መበደል ይሆንብኛል። ተከራይ ተማሪዎችን እንደ ልጅ የሚያዩ አከራዮች ነበሩ። ማታ ቡና ሲፈላ «ኑ እንጂ ልጆች፣ እዚያ ቁር ውስጥ ምን አስቀመጣችሁ» የሚሉ እትዬዎች ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ሳይመስላቸው የልጁን ሆድ ያስተነፍሱታል። በትምህርት ቤት በር ንፍሮ የሚሸጡት እናት ማን ቁርስ እንዳልበላ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ከዩኒት ሊደሩ በፊት ያውቃሉ። የኔ ትውልድ ዛሬ በናፍቆት የሚያወራው ይህን ነው፤ እውነትም ያስናፍቃል። ግን ደግነት በዕድል የሚገኝ ነገር ነው። ደግ አከራይ ያጋጠመው ልጅ ዳነ፤ ያላጋጠመው አቋርጦ አገር ቤት ገባ፣ ወይም ወታደር ሆነ፣ ወይም የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። የዳኑት ስለሆንን ነው ዛሬ ቁጭ ብለን «በእኛ ጊዜ» የምንለው።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ጻፈ። ያን ጊዜ እኔ መምህር ሆኜ ነበር። አንቀጹ በመምህራን ክፍል ሲነበብ «ታዲያ በምን እንያዛቸው?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ቁም ነገር ነበረው። አለንጋውን ያስቀመጠ እጅ በምትኩ ምን እንደሚይዝ ማንም አልነገረውም። ብዙዎቻችን በምትኩ የያዝነው የታወቀውን ነው፦ «ወላጅ አምጣ»።

ኮምቦልቻ የተመደብኩት ከዚያ በኋላ ነው። የሐረጎን ጥምዝምዝ ቁልቁለት ወርዶ የደሴን ጉም ከኋላ መተው ራሱ አንድ ሕክምና ነው፤ ኮምቦልቻ ሙቀት አለ፣ ቦርከና አለ፣ ሥራ አለ። ከተማዋ በፈረቃ የምትተነፍስ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲቀየር ግማሹ ወላጅ ይገባል፣ ግማሹ ይወጣል። ብዙ ልጆች ከእናታቸው ጋር የሚገናኙት በር ላይ ነው። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የሚያድሩባት ከተማም ስለሆነች ኤች አይ ቪ ኮምቦልቻን ቀድሞ አገኛት።

የ1990ዎቹን የፀረ ኤድስ ክበብ የማነሳው ለዚህ ነው። ስለ አእምሮ ጤና በትምህርት ቤት በተነሳ ቁጥር «ባህላችን አይፈቅድም፣ ነውር ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ከኤድስ የበለጠ ነውር የነበረ ነገር ነበር? ሰው በበሽታው የሞተ ዘመዱን «ሳንባ ነው» ብሎ በሚቀብርበት ጊዜ የ14 ዓመት ልጆች ሰልፍ ላይ ወጥተው ድራማ ይሠሩበት ነበር። ነገሩ የገባው በምክር ብዛት አይደለም። ክበቡ ቀን ነበረው፣ ዓርብ ከሰዓት። ክፍል ነበረው፣ ቁልፉ የሚታወቅ። ተጠሪ መምህር ነበረው፤ ከሌላው መምህር ያነሰ ክፍለ ጊዜ ስለተሰጠው ለልጆቹ ጊዜ አለው። ከጤና ጣቢያ ነርስ እየመጣች ልጆቹ ያልመለሱትን ትመልሳለች። በየሩብ ዓመቱም «ምን ሠራችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ አካል ነበረ።

ማንም ያላቀደው ነገር ደግሞ ተከተለ። እናት ወይም አባታቸውን በበሽታው ያጡ ልጆች ከስብሰባው በኋላ ወደ ቤት መሄድ አይፈልጉም ነበር። ወንበር ያስተካክላሉ፣ ፖስተር ይለጥፋሉ፣ ሚኒ ሚዲያውን ይነካካሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ያወራሉ። የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚለውን ቃል ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ የማየው ግን እሱን ነበር። ገንዘቡ ሲቆም የተጠሪው መምህር ክፍለ ጊዜ እንደ ሌላው ሆነ፤ ነርሷ ቀረች፤ ጠያቂውም ጠፋ። የክበቡ ታፔላ ግን አሁንም በር ላይ አለ። ታፔላ በጀት አይፈልግም።

ከዚያ የ2013 ክረምት መጣ። ከሰሜን ወሎ፣ ከራያና ከዋግ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የተጠለለው በትምህርት ቤቶች ነበር። ጥቁር ሰሌዳው የስንዴ ተረካቢዎች ስም ዝርዝር ተጻፈበት። ሕፃናቱ «የት ነው የምትኖሩት?» ሲባሉ «8ኛ ሐ» ይሉ ነበር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ራሱ ከተሞቹን ደረሰባቸው፤ የሕወሓት ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ያዙ፤ የመንግሥት ጦር መልሶ የተቆጣጠራቸው በኅዳር መጨረሻ ነው። ሕዝቡ ሲመለስ ሆስፒታሉም ፋብሪካዎቹም ተዘርፈው አገኛቸው። ትምህርት ሲጀመር በረዶ የክፍሉን ቆርቆሮ በደበደበ ቁጥር ዴስክ ሥር የሚገቡ ልጆች ነበሩ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሳው ግጭት ስንቱን ትምህርት ቤት ዘጋ።

ለእነዚህ ልጆች እኛ አዋቂዎቹ የሰጠናቸው ምክር «እርሱት በቃ» የሚል ነበር። ትዝታን ከነቅኝቱ ያሳደገ አገር፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ፍቅር በክራር የሚያለቅስ ሕዝብ፣ ልጆቹን ባለፈው ወር ያዩትን እንዲረሱ ያዛል።

ምክሩ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ቀጥሎ ሥልጠናው መጣ። የዕርዳታ ድርጅቶች መጡ፣ መሥሪያ ቤቶች ተባበሩ፣ የሆቴል አዳራሾች ተሞሉ። ለአንድ ሥራ ጉዳይ የሄድኩበት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ድሮ ተማሪዬ ነበር። መደርደሪያውን ከፍቶ አሳየኝ፤ የተለያየ ድርጅት ዓርማ ያለባቸው የሥነ ልቦና ድጋፍ መመሪያዎች ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ላስቲኩ አልተቀደደም።

«የትኛውን ነው የምትሠሩበት?» አልኩት።

«ቲቸር፣ እሱን ማንም አልጠየቀንም» አለኝ። «የሚጠይቁን ስንት ሰው እንደሠለጠነ ነው።»

«የሠለጠኑትስ የታሉ?»

«ግማሾቹ ተዛውረዋል። ያሉትም በሳምንት ሠላሳ ክፍለ ጊዜ ያስተምራሉ። መቼ ይሥሩት?»

የምክር አገልግሎት ቢሮውን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። አለ፣ በሩ ላይ ተጽፏል። ውስጡ የተሰበረ ዴስክ፣ የመረብ ኳስ መረብና የጠመኔ ካርቶን ተቀምጦበታል። ባለሙያው ሥነ ዜጋ እያስተማረ ነበር፤ መምህር አጥሮ ነው። ግድግዳው ላይ የአስተያየት ሳጥን ተሰቅሏል፤ ቁልፉ ከቀድሞው ርዕሰ መምህር ጋር እንደሄደ ነገሩኝ። ሪፖርቱን ግን አየሁት፤ ጥሩ ሪፖርት ነው። «በሥነ ልቦና ድጋፍ ዙሪያ ለመምህራን ሥልጠና ተሰጥቷል» ይላል። እውነት ነው፤ ተሰጥቷል። ረከቦቱም፣ ሲኒውም፣ ጀበናውም ተሟልቶ ቡና የሚያፈላው ሰው የጠፋበት ቤት ማለት ይኼው ነው።

በዚህ ረገድ ዓለም ከእኛ ብዙ አይሻልም፤ ልዩነቱ ሠርተው መለካታቸው ነው። በሕንድ ቢሃር ግዛት «ሴኸር» የሚባል ፕሮግራም ከ70 በላይ በሆኑ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተፈተነ። ሥራው ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሰልፍ ላይ አጭር ንግግር፣ የግድግዳ መጽሔት፣ ተማሪ ብሶቱን ጽፎ የሚጥልበት ሳጥን፣ የክፍል ውይይት፣ ለፈለገ ደግሞ የግል ምክር። በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ሥራውን ለመደበኛ መምህር ሰጡት። በሌሎቹ የአእምሮ ሐኪም ያልሆነ፣ ለዚሁ ብቻ የሠለጠነ ሰው ቀጠሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላንሴት» መጽሔት ላይ ወጣ። ቅጥር ሰው በነበረበት የትምህርት ቤቱ መንፈስ ተሻሻለ፤ የድባቴ ምልክቶች ቀነሱ፤ ማስፈራራትና ድብደባም ቀነሰ። ለመምህር በተሰጠበት ግን ፕሮግራሙ ከሌለባቸው ትምህርት ቤቶች የሚለይ ነገር አልታየም። ያው መመሪያ፣ ያው ሳጥን።

ይህን ሳነብ ሠላሳ ዓመት ማርክ ይዤ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አልገረመኝም። ልጅ ማርኩን ለሚይዝ፣ ለሚቀጣው፣ ነገ ለሚፈትነው ሰው ሆዱን አይከፍትም። ለሃምሳ ሳንቲሙ አጎት ግን ከፍቶለታል።

እንግሊዞችም ሞክረው ነበር። ልጆች ትንፋሻቸውንና ሐሳባቸውን በእርጋታ እንዲያስተውሉ የሚያለማምድ ትምህርት በ84 ትምህርት ቤቶች፣ በ8 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ላይ በመምህራን በኩል ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲወጣ ለተማሪዎቹ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ ጥቅም አልተገኘበትም። የጠቀመው በተወሰነ ደረጃ ለመምህራኑ ነው፤ ድካማቸው ቀንሶ ተገኘ። እንግሊዞቹ ይህን ደብቀው «ሥልጠና ተሰጥቷል» ማለት ይችሉ ነበር።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ «ሻሚሪ» የሚባል አለ። አራት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በትንንሽ ቡድን። መሪዎቹ ሁለተኛ ደረጃ በቅርቡ የጨረሱ ወጣቶች ናቸው፤ ለአጭር ጊዜ ይሠለጥናሉ፤ በላያቸው የሚከታተላቸው ባለሙያ አለ። ስለ በሽታ ብዙ አያወሩም። ሰው ሊለወጥ እንደሚችል፣ ስለ ምስጋና፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ዋጋ ስላለው ነገር ይወያያሉ፣ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት የድባቴና የጭንቀት ምልክት የነበረባቸው ልጆች በዚህች አራት ሰዓት ተሻሽለው ታዩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በመከራ ውስጥ ላለፉ ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ሰባት የቡድን ክፍለ ጊዜ፣ ለአሳዳጊዎቻቸው ሦስት የያዘ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2023 ለሁሉም ክፍት አድርጓል። የሚያካሂደው ሰው ስፔሻሊስት መሆን አይጠበቅበትም።

«እሱ ለኬንያ ነው» የሚል ይኖራል። በአገራችንም እኮ ተሠርቷል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ለዓመታት በሠሩት ሥራ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ቀድሞ ከወረዳው ውጭ ይታይ የነበረውን የአእምሮ ሕመም እዚያው በወረዳው ማከም ጀመሩ። ሥልጠና ወስደው ስለተበተኑ አይደለም። ክትትል ነበር፣ መድኃኒት ነበር፣ ከአቅም በላይ የሆነው የሚላክበት ቦታ ነበር።

ደሴና ኮምቦልቻስ ምን ይጎድላቸዋል? የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው፤ የሕክምና ኮሌጁ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው። ልጆቻችንን በእኛው ቋንቋ፣ በእኛው ከተማ የሚረዱ ባለሙያዎች ያሠለጥናል። የባሰበት ልጅ 400 ኪሎ ሜትር መሄድ ቀርቶለታል፤ ደሴ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ፣ ወይም ዲግሪ ይዞ፣ ደሴ ውስጥ ከመናፈሻ ሠፈር እስከ ቧንቧ ውኃ ሠፈር ሥራ ፍለጋ የሚመላለስ ወጣት ሞልቷል። ኬንያዎቹ ያሠለጠኑት ይህንኑ ዓይነት ወጣት ነው። እኛ ጋ የቤቲንግ ቤቱ ቀድሞ አገኘው።

ድጋፉን የሚፈልግ ልጅ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ አዲስ ጥናት አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ዐሥሩ ማለት ነው፤ ያውም ጦርነት ያላየ አገር ተደባልቆበት። ፈተናውን እንጨምርበት። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። ከቀሩት ውስጥ 8ኛ ሐን ቤታቸው ካደረጉት ጋር በአንድ ግቢ የከረሙ አሉ፤ መጽሐፋቸው ከቤታቸው ጋር የተዘረፈ አሉ። ውጤቱ ሲወጣ አገር ስለ ኩረጃና ስለ ትምህርት ጥራት ተከራከረ። መከራከሩ ተገቢ ነው። 97 ልጅ ከመቶው ወድቆ ቤቱ ሲገባ ግን በማግሥቱ ማን አናገረው? በእኛ ጊዜ ቢያንስ «ዓይነ ጥላ ነው» ተብሎ ጠበል ይወሰድ ነበር። አሁን «ሰነፍ ትውልድ» ይባልና በስልኩ ብቻውን ይቀመጣል።

ኮምቦልቻ አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ፋብሪካው ሲዘረፍ ከሥራ የቀሩ ናቸው። «ልጄ ሌሊት ይጮህብኛል፤ አናግሩልኝ ብዬ መጣሁ» አሉ። «ሦስት ወረቀት አስሞላችሁኝ። ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ ያየው ነገር ሁሉ ተጻፈ። አላህ ይስጣችሁ። ወረቀቱን ያነበበው ሰው ምን አለ?» አዳራሹ ውስጥ የተቀመጥን የተማርን ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። ሰብሳቢው «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተመዝግቧል» አለ።

እኔ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ የሚሰማኝ የለም ብዬ ሳልሰጋ መናገር እችላለሁ። አዲስ መመሪያ አያስፈልገንም። ካሉት አንዱን መርጦ ላስቲኩን መቅደድ ይበቃል። ከዚያ የሚያስፈልገው ለፀረ ኤድስ ክበብ ያልነፈግነው ነው፦ ሥራዬ ብሎ የሚይዘው ደመወዝተኛ ሰው፣ ዴስክ ያልታጨቀበት ክፍል፣ በየሳምንቱ ከዩኒቨርሲቲው መጥቶ «እንዴት ሆነላችሁ?» የሚል ባለሙያ፣ የባሰበትን ልጅ የሚቀበል ሆስፒታል፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ስንት ሰው ሠለጠነ ሳይሆን ስንት ልጅ ተሻለው ብሎ የሚጠይቅ አለቃ። ከሁሉም በፊት ሰዓት። አማርኛ፣ ሒሳብ፣ ስፖርት ሰዓት አላቸው የምንለው የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ስላሉ ነው፤ ድልድሉ ላይ የሌለ ነገር በትምህርት ቤት ውስጥ የለም።

የሚመጣው ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል በነሐሴ ይዘጋጃል። ማክሰኞ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ መስመር ከተጻፈ የአእምሮ ጤና ፕሮግራሙ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ ማለት ነው። ካልተጻፈ መስከረም ላይ ሌላ ዐውደ ጥናት ይጠራል፤ እኔንም የቀድሞ መምህር ብለው ይጋብዙኝ ይሆናል። እሄዳለሁ፣ ለምን እቀራለሁ? የሆቴሉ ምሳ ጥሩ ነው።